ከአልጋው በላይ የተሰቀለው ሥዕል

ለዚህ እትም የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ ጻፊ ስባል መጀመሪያ ያሰብኩት ሐኪም ወርቅነህን ነበር። ነርሲንግ የምትማር ልጅ ስለ መጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ብትጽፍ ማንም አይገረምም። ግን ስለ እሳቸው ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ የምጽፈው ባለፈው መስከረም ከአንድ አልጋ በላይ ተሰቅሎ ስላየሁት ሥዕል፣ ይልቁንም በሥዕሉ ውስጥ ስላሉት ሰው ነው። አማርኛዬን እናቴ አይታልኛለች፤ የቀረ ስሕተት ካለ የእኔ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ክሊኒካላችን እዚሁ ሚኒሶታ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነበር። የምንሠራው ቀላል ሥራ ነው፤ የደም ግፊት መለካት፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ አልጋ ላይ ማገላበጥ። በሁለተኛው ቀን አንዲት አሮጊት እጄን አይተው እንዳልነካቸው ነገሩኝ። ምክንያቱን ሳይደብቁ ተናገሩት፤ እዚህ አልደግመውም። እዚህ አገር ላደግን ልጆች አዲስ ነገር አይደለም። ግን ጓንት አጥልቄ፣ ሞቅ ያለ ውኃ በሳፋ ይዤ ቆሜ ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነበር። አስተማሪዬ ከፈለግሁ ሌላ ታካሚ ልትሰጠኝ እንደምትችል ነግራኝ፣ እስከ ማግስቱ አስቢበት አለችኝ። ፊቴን ሰው እንዳያይብኝ ቀጥሎ ወዳለው ክፍል ገባሁ።

በዚያ ክፍል አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። ከአልጋቸው በላይ የዘይት ቀለም ሥዕል ቅጂ ተሰቅሏል፤ ቀለሙ ፀሐይ በልቶታል። ነጭ ካባ የተከናነቡ፣ ጥቁር ጢም ያላቸው፣ ዓይናቸው የረጋ ሰው ናቸው። እኔን የመሰሉኝ የገዳም አባት ነው። አያቴ ሳሎን ውስጥ ልክ እንዲህ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡ አባት ፎቶ አለ፤ ልጅ ሆኜ ስረብሽ አያቴ ወደ ፎቶው እያመለከተች ያዩሻል ትለኝ ነበር። ሽማግሌው ሲነቁ ሰላም ብዬ፣ ነገር ለመቀየር ያህል ሥዕሉ የቤተ ክርስቲያናቸው አባት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሳል እስኪያጣድፋቸው ሳቁ።

እሳቸው የደማስቆ ክርስቲያን ናቸው። እንግሊዝኛቸው እንደ እናቴ እንግሊዝኛ ነው፤ ቀስ እያለ ቢመጣም የሚለውን ያውቃል። የሥዕሉ ሰው ደግሞ ሙስሊም፣ ሼኽ፣ የአልጄሪያ ሰው መሆናቸውን ነገሩኝ። በ1860 ሐምሌ ወር የእናታቸው አያት የትንሽ ልጅ እግር ይዞ ሮጦ የገባው በእኚህ ሰው በር ነው። በሩ ባይከፈት ኖሮ ዛሬ ክንዳቸውን ዘርግተው የደም ግፊት የሚያስለኩ ሽማግሌ አይኖሩም ነበር። ስማቸውን በአረብኛ አስጠሩኝ፤ አሚር አብዱልቃድር። የዚያን ዕለት ማታ ለፋርማኮሎጂ ፈተና ማጥናት ሲገባኝ ስለ እሳቸው ሳነብ አደርኩ።

አብዱልቃድር በ1808 በምዕራብ አልጄሪያ ከማስካራ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ሙሕዪዲን የቃድሪያ ሱፊ መንገድ ሼኽ ነበሩ። ቃድሪያ ለሐረርና ለወሎ ሰው እንግዳ ስም አይደለም። መንገዱ የተሰየመበት የባግዳዱ ሼኽ አብዱልቃድር ጀይላኒ በእኛም አገር ስማቸው እየተጠራ ይለመናሉ፤ ሕፃኑም ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። የአባታቸው ግቢ ቁርአን የሚማሩበት፣ መንገደኛ የሚያድርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የሸሸ የሚጠለልበት ቦታ ነበር። ይሄንን ልብ በሉልኝ፤ ሰው ሸሽቶ ቢመጣ በር መክፈት አብዱልቃድር በሃምሳ ዓመታቸው የፈጠሩት ነገር ሳይሆን በልጅነታቸው ቤት ያዩት ሥራ ነው።

ቁርአኑን ገና ልጅ ሳሉ በቃላቸው ያዙ። ፈረስ ግልቢያም ያውቁ ነበር፤ በአካባቢው እንደ እሳቸው የሚጋልብ ጥቂት ነው ይባላል። አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከአባታቸው ጋር ለሐጅ ተነሱ። አገሩን ይገዙ የነበሩት ቱርኮች የሼኹን ተከታይ ብዛት ፈርተው በመጀመሪያ ኦራን ከተማ ላይ አግተው አቆዩዋቸው። ከተለቀቁ በኋላ በግብፅ በኩል መካ ደረሱ፤ ከዚያ ደማስቆን አይተው፣ ባግዳድ የጀይላኒን መቃብር ተሳልመው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተው ተመለሱ። አባታቸው ያሰቡላቸው የመምህርነት ኑሮ ነበር።

ፈረንሳይ በመሐል ገባች። ነገሩ የጀመረው በዕዳ ነው። ፈረንሳይ ለወሰደችው እህል ሳትከፍል ዓመታት አለፉ፤ በ1827 የአልጀርስ ገዥ ስለ ዕዳው ሲጨቃጨቅ ተናዶ የፈረንሳዩን ቆንስል በጭራ መታው። አዎ፣ እኛ ዝንብ በምንከላከልበት ጭራ። ፈረንሳይ ይህን ሰበብ አድርጋ ቆይታ በ1830 ሰኔ ወር ጦሯን አሳረፈች፤ አልጀርስም በሐምሌ መጀመሪያ ወደቀች። ቱርኮቹ ሲሄዱ በምዕራብ ያሉ ጎሳዎች የሚመራቸው ሰው ፈለጉና ወደ ሙሕዪዲን መጡ። እሳቸው አርጅቻለሁ ብለው ልጃቸውን ሰጡ። በ1832 ኅዳር ወር አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ለአብዱልቃድር ቃል ገቡላቸው፤ አሚርም ተባሉ። ዕድሜያቸው ሃያ አራት ነበር። ከእኔ የሚበልጡት በአራት ዓመት ብቻ ነው፤ እናቴ ግን አንቺ ብትሆኚም አንቱ በያቸው ስላለችኝ አንቱ እላለሁ።

ውጊያዎቹን ሁሉ አልቆጥርላችሁም። ባጭሩ፣ በ1834 እና በ1837 ፈረንሳይን ውል አስፈርመዋል፤ በመሐሉ በ1835 መቅጣ በተባለ ረግረግ ጦሯን ድል አድርገዋል። በሰላሙ ጊዜ ገንዘብ አሠርተዋል፣ ግብር ደንግገዋል፣ መሣሪያ የሚሠራበት ቦታ አቁመዋል፣ እርስ በርስ ሲዋጉ የኖሩ ጎሳዎችን በአንድ አስተዳደር ለማኖር ደክመዋል። በ1839 ውሉ ፈርሶ ጦርነቱ እንደገና ተነሳ። በ1841 የመጣው ጄኔራል ቡዦ ደግሞ ጦር ከማሳደድ አገር ማቃጠል መረጠ፤ እህሉን አነደደ፣ ከብቱን ነዳ፣ ጎተራውን ባዶ አደረገ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በአልጄሪያ የነበረው የፈረንሳይ ወታደር ከመቶ ሺህ በላይ ደርሶ ነበር።

አሚሩ ከተሞቻቸው ሲያዙባቸው ዋና ከተማቸውን በድንኳን አደረጉት። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ መንጋው፣ አንጥረኛው፣ ሁሉም አብሮ የሚንቀሳቀስ ከተማ። በ1843 ግንቦት፣ እሳቸው በሌሉበት፣ የፈረንሳይ ንጉሥ ልጅ የሆነው የሃያ አንድ ዓመቱ የኦማል መስፍን ጥቂት መቶ ፈረሰኞች ይዞ በድንገት ደረሰበት። ከተማው ተበተነ። በሕይወታቸው ሙሉ የሰበሰቧቸው መጻሕፍትም በዚያ ቀን ጠፉ። ኦራስ ቬርኔ የተባለ ሠዓሊ ይህን ቀን ርዝመቱ ከሃያ ሜትር በላይ በሆነ ሸራ ላይ ሣለው፤ ዛሬም ቬርሳይ አለ። የአንድ ሰው ቤት የተበተነበትን ቀን ለማስታወስ ሃያ ሜትር!

እኔን ከጦርነቱ ይልቅ የያዘኝ የምርኮኞቹ ጉዳይ ነው። በዚያ ጦርነት የሁለቱም ወገን ሰዎች የጠላት ራስ ቆርጠው ሽልማት ይቀበሉ ነበር። አሚሩ ምርኮኛን በሕይወት ላመጣ እንዲከፈል፣ የጎዳው እንዲቀጣ አዘዙ። ምርኮኛው ከወታደሮቻቸው ጋር እኩል እንዲበላ አደረጉ። በ1841 የአልጀርስ ካቶሊክ ጳጳስ ዱፑሽ ስለ ምርኮኞች ሲጽፉላቸው ነገሩ ወደ ምርኮኛ ልውውጥ አደገ። አንድ ጊዜም የሚያበሉት እህል ሲያልቅ ያለ ምንም ካሣ ሰደዋቸዋል። ይህ ሁሉ ስለ ቁስለኞች የተደረገው የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት ከመፈረሙ ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ስምምነቱን በአንደኛ ዓመት የሥነ ምግባር ኮርስ አጥንተነዋል፤ የአሚሩን ስም ግን አልሰማሁም።

ግን መዝለል የማልችለው ነገር አለ። በ1846 ሚያዝያ ወር፣ አሚሩ ሩቅ ዘመቻ ላይ ሳሉ፣ በሰፈራቸው የቀሩት አለቆች ከሁለት መቶ በላይ የፈረንሳይ ምርኮኞችን በአንድ ሌሊት አስገደሉ። እህል አልቆ ነበር፤ ጠላት እየቀረበ ነበር፤ እነዚህ ምክንያቶች ሁሉ ተጽፈዋል። አሚሩ ትእዛዙን አልሰጡም። ጠላቶቻቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ ይህን ከስማቸው ጋር ያነሱባቸው ነበር፤ ወዳጆቻቸው ደግሞ ቶሎ ያልፉታል። እኔ ሁለቱንም አልሆንም። ክፍል ውስጥ ሥራን ለረዳት ስታስተላልፉ ኃላፊነቱ አብሮ አይተላለፍም ብለው ሲያስተምሩን ትዝ የሚለኝ ይህ ሌሊት ነው። ያወጡት ሕግ ጥሩ ነበር፤ እሳቸው በሌሉበት ግን ሕጉን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

በ1847 ታኅሣሥ ነገሩ አለቀ። ሞሮኮም ፊት ነስታቸዋለች፤ አብሯቸው የቀረው ሕዝብ ተርቧል። ወደ እስክንድርያ ወይም ወደ አካ ከነቤተሰባቸው እንደሚሸኙ ቃል ተሰጥቷቸው እጃቸውን ሰጡ። ቃሉን የሰጠው ጄኔራል ላሞሪሲዬር፣ ያጸደቀው ያው የኦማል መስፍን ነው። መርከቧ ግን የወሰደቻቸው ወደ ፈረንሳይ ቱሎን ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ በፓሪስ አብዮት ተነስቶ ንጉሡ ወረደ፤ አዲሱ መንግሥት ደግሞ የንጉሡን ልጅ ቃል አልቀበልም አለ። ከቱሎን ወደ ፖ፣ ከፖ ወደ አምቧዝ ቤተ መንግሥት ተዛወሩ። በጠቅላላው አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

አብረዋቸው የታሰሩት እናታቸው፣ ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸው፣ አገልጋዮቻቸው፣ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ሃያ አምስቱ በአምቧዝ ሞተው በቤተ መንግሥቱ የአትክልት ቦታ ተቀብረዋል፤ ሕፃናትም አሉባቸው። መቃብሮቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። ይህን ሳነብ ልዑል ዓለማየሁ ትዝ አለኝ፤ ከመቅደላ በልጅነቱ ተወስዶ በአሥራ ስምንት ዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ የሞተው፣ እስካሁንም ዊንዘር ያለው የቴዎድሮስ ልጅ። የሰው አገር ቤተ መንግሥት ያማረ ቢሆንም ግዞት ያው ግዞት ነው።

አሚሩ በእስር ቤት ጸለዩ፣ አስተማሩ፣ ጻፉ፣ ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ ተቀበሉ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ያ ጳጳስ ዱፑሽ ነበሩ። አይተዋቸው ሲመለሱ፣ ፈረንሳይ ቃሏን እንድትጠብቅ የሚወተውት መጽሐፍ አሳትመው ለሉዊ ናፖሊዮን አበረከቱ። ሌሎችም ጮኹ፤ በመጨረሻ በ1852 ጥቅምት ሉዊ ናፖሊዮን ራሱ አምቧዝ መጥቶ ነጻ መሆናቸውን አበሰራቸው። ለዚህም ሥዕል ተሥሏል። ቲሲዬ በተባለው ሠዓሊ ሥራ ላይ የአሚሩ እናት ጎንበስ ብለው የፈረንሳዩን እጅ ይስማሉ። እኔ ይህን ሥዕል አልወደውም። የገባውን ቃል ከአምስት ዓመት በኋላ የፈጸመ ሰው እጁ ይሳማል እንዴ? አሚሩ በበኩላቸው ዳግመኛ አልጄሪያ ገብተው ላይዋጉ ቃል ሰጡ፤ እሳቸው ቃላቸውን ጠበቁ።

ከፈረንሳይ መንግሥት በዓመት መቶ ሺህ ፍራንክ ጡረታ ተቆርጦላቸው ወደ ቱርክ ቡርሳ ሄዱ። በ1855 ቡርሳን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት በዓመቱ መጨረሻ ወደ ደማስቆ ተዛወሩ፤ በእኛ አገር ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው። በደማስቆ አባታቸው ያሰቡላቸውን ኑሮ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ጀመሩት። በታላቁ የኡመያ መስጊድ አስተማሩ፤ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት እዚያው ከተማ የሞተውን የሱፊ ሊቅ ኢብን ዐረቢን መጻሕፍት ሲመረምሩ ይውሉ ነበር። ከአልጄሪያ የተሰደዱ ሰዎችም ተከትለዋቸው መጥተው በዙሪያቸው ሰፈሩ።

አሁን ወደ ሽማግሌው ታሪክ ደረስን። በ1856 የቱርክ ሱልጣን በግዛቱ ያሉ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች እኩል ናቸው የሚል አዋጅ አውጥቶ ነበር። አዋጁ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፤ በገበያው ግን ቂም አመጣ። ከአውሮፓ ጋር የሚነግዱ አንዳንድ ክርስቲያኖች ሲከብሩ የእጅ ሥራቸው የሞተባቸው ሸማኔዎች ያያሉ፤ በውትድርና ፈንታ ስለሚከፈለው ግብርም ክርክር ነበር። በ1860 በሊባኖስ ተራራ ድሩዞችና ማሮናውያን ተፋጅተው ስደተኛው ወደ ደማስቆ ጎረፈ። አሚሩ የሚጠነሰሰውን አስቀድመው ሰሙ። ወደ ገዥው አሕመድ ፓሻ ሄዱ፣ ወደ ቆንስሎቹም ሄዱ፣ ደጋግመው አስጠነቀቁ። ገዥው ምንም የለም አለ። እሳቸው ግን በፈረንሳይ ቆንስላ ገንዘብ መሣሪያ ገዝተው አልጄሪያውያኑን አስታጠቁ።

ሐምሌ 9 ቀን ነው የጀመረው። ከጥቂት ቀን በፊት የሙስሊም ጎረምሶች ክርስቲያኖች የሚረግጡበት መንገድ ላይ መስቀል ሥለው ተይዘው ነበር። ለቅጣት በሰንሰለት ታስረው መንገድ ሲጠርጉ ሕዝቡ አየና ተቆጣ፤ አስፈታቸውና ወደ ክርስቲያኑ ሰፈር ተመመ። ቤቱ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ፣ ሰው በየጓዳው ታረደ። የሱልጣኑ ወታደሮች ቆመው አዩ፤ ከዘራፊው ጋር የተቀላቀሉም ነበሩ። ይህ ስምንት ቀን ያህል ቆየ። የሞቱት በሺዎች ይቆጠራሉ።

አሚሩ ልጆቻቸውንና ሰዎቻቸውን ይዘው ወደሚቃጠለው ሰፈር ገቡ። በየመንገዱ እየተጣሩ ክርስቲያን የሆነ ሁሉ እንዲከተላቸው፣ ማንም እንደማይነካው ነገሩ። የፈረንሳይን፣ የሩሲያን፣ የግሪክን ቆንስሎች ወደ ቤታቸው አመጡ። የበጎ አድራጎት እህቶች የሚባሉትን መነኮሳይያት ከሚያሳድጓቸው ልጆች ጋር አወጡ። ግድግዳቸው ወፍራም መሆኑን አምነው በገዳማቸው የቀሩት የፍራንሲስካን መነኮሳት ግን ያው ሌሊት ተገደሉ፤ በ2024 ሮም ቅዱሳን ብላ ሰይማቸዋለች።

ግቢያቸው ሰው መያዝ አቃተው። እዚህ ላይ የድንገተኛ ክፍል ሥራ ያየ ሰው የሚያውቀውን ነገር አደረጉ። የገባውን ሰው በቡድን በቡድን እያደረጉ፣ በታጠቁ አልጄሪያውያን እያሳጀቡ ወደ ከተማው ምሽግ ላኩ፤ ግቢው ባዶ ሲሆን ሌላ ተቀበሉ፤ እንደገና ላኩ። ቀጥለውም በሕይወት ላለ ለእያንዳንዱ ክርስቲያን ሃምሳ ቁርሽ እከፍላለሁ ብለው አስነገሩ። ለዘረፋ የወጣውም ሰው ሳይቀር የሚሸጠውን ሕይወት ፍለጋ ጀመረ። እሳቸው በራቸው ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው፣ የገንዘብ ከረጢት አጠገባቸው አድርገው ከፈሉ፤ እንቅልፍም ሲመጣ እዚያው ምንጣፍ ላይ ጋደም ይሉ ነበር ይባላል። ሃያ ዓመት ቀድሞ ለምርኮኛ ያወጡት ደንብ ነው፤ በሕይወት ላመጣ ይከፈለዋል። በዚህ ጊዜ ግን አልራቁም፤ በሩ ላይ ራሳቸው ነበሩ።

ሕዝቡ ወደ በራቸው መጥቶ የደበቋቸውን እንዲሰጡት ጠየቀ። ወጥተው ፊት ለፊት ቆሙ። ንጹሕ ሰው መግደል በሃይማኖታቸው ኃጢአት መሆኑን ነገሯቸው፤ ከእነዚህ አንዱን የሚነካ ቢኖር ከእሳቸውና ከአልጄሪያውያኑ ጋር እንደሚዋጋ አሳወቁ። በስም የሚታወቁትን ያህል የአሚሩ ዝና የማይደርስላቸው የሚዳን ሰፈር ሙስሊሞችም ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን ደብቀዋል፤ እነሱን ሳላነሳ ባልፍ ሽማግሌው ይቆጡኛል። በአሚሩ በር የዳኑት በሺዎች ናቸው፤ ከአሥር ሺህ በላይ የሚያደርሱትም አሉ። ከእነሱ አንዱ ያ ትንሽ ልጅ ነው። ገዥው አሕመድ ፓሻ በዚያው ዓመት በሱልጣኑ ትእዛዝ በጥይት ተገደለ።

አስቡት እስቲ። አገራቸውን ያቃጠለች፣ ቃሏን ያፈረሰች፣ ልጆቻቸው በእስር የተቀበሩባት አገር ቆንስል በራቸው ላይ ሲመጣ ለመዝጋት ምክንያት አላጡም ነበር። በኋላ ከአንድ ጳጳስ ምስጋና ሲደርሳቸው ያደረጉት ሃይማኖታቸውና ሰውነት የሚያዝዙትን ብቻ መሆኑን መለሱ።

በማግስቱ ለአስተማሪዬ ታካሚ እንዳትቀይርልኝ ነገርኳት። ቅድስት ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ እልህ ነው። አሮጊቷ እንዳልነካቸው የመከልከል መብት አላቸው፣ ስለዚህ አልነካኋቸውም፤ ውኃውን አቅርቤ፣ ፎጣውን አድርቄ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ራሳቸው ሲታጠቡ እንዳይወድቁ እጠብቅ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ክንዳቸውን ለደም ግፊት ዘረጉልኝ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነው። 138 በ 84። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር የለም፤ ክሊኒካሉም አልቋል።

ከ1860 በኋላ አውሮፓ ሽልማት አዘነበችባቸው፤ ፈረንሳይ ትልቁን የክብር ሌጌዎን ኒሻን፣ ሌሎችም የየራሳቸውን ሰጡ። ከአሜሪካ ሽጉጦች ተልከውላቸዋል። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲመረቅ ከተጋበዙት መካከል ነበሩ። ይህን የማይወዱ አልጄሪያውያን አሉ፤ ጡረታው ከማን ነበር፣ ኒሻኑስ ከማን ነበር ይላሉ። በ1871 በአልጄሪያ ዓመፅ ሲነሳ ልጃቸው ሊዋጋ ሄደ፤ እሳቸው ግን በሰጡት ቃል ጸንተው ልጃቸውን በአደባባይ ተቃወሙት። ይህ ለእኔም ከባድ ነው። ለአፍራሽ የተሰጠ ቃል እስከ ልጅ ድረስ ይጠበቃል ወይ ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው፤ ትከሻቸውን ነቅንቀው ሻይ አምጪልኝ አሉኝ።

ስለ ሥዕሉም አወቅሁ። ዋናው በ1866 የተሣለ ነው፤ ሠዓሊው ስታኒስዋፍ ህሌቦፍስኪ የተባለ ፖላንዳዊ፣ በኢስታንቡል ለሱልጣኑ የሚሥል ሰው ነው። ዛሬ የሚገኘው ከፓሪስ በስተ ሰሜን ሻንቲዪ ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው ሙዚየም ነው። ሻንቲዪ የማን ቤት እንደነበር ስታውቁ እንደኔ ትደነግጣላችሁ፤ የኦማል መስፍን። ያ በሃያ አንድ ዓመቱ የድንኳኑን ከተማ የበተነው፣ በኋላም እጃቸውን የተቀበለው። ቤቱን ከነስብስቡ ለፈረንሳይ ተቋም አውርሶ ሞተ። የተሸናፊው ፊት በአሸናፊው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ሰው ቲኬት ቆርጦ ያየዋል። ለሽማግሌው ስነግራቸው ያውቁ ኖሯል። የእሳቸው ቅጂ በድንበር አቋርጦ፣ በሁለት ስደት አልፎ ነው ሚኒሶታ የደረሰው፤ በሕይወታቸው ሁሉ ከሰቀሉበት ግድግዳ ሁሉ ጋር ሲያስተያዩት ሻንቲዪ ቢኖር ባይኖር ግድ የላቸውም።

አሚር አብዱልቃድር በ1883 ግንቦት 26 በደማስቆ በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። የተቀበሩት ሲመረምሩት በኖሩት በኢብን ዐረቢ አጠገብ ነው። አልጄሪያ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1966 አፅማቸው ወደ አልጀርስ ተወሰደ። ሽማግሌው በዚያ ዓመት ደማስቆ ነበሩ፤ አስከሬኑ ሲሸኝ ከአባታቸው ጋር መንገድ ዳር ቆመው ማየታቸውን ነግረውኛል። አባታቸው ያለቀሱት ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው እስከ ዛሬ አልገባቸውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከእኛ ኮሌጅ አራት ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ በአይዋ ክፍለ ግዛት፣ ኤልካደር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1846 ስትቆረቆር፣ አሚሩ ገና በጫካ እየተዋጉ ሳሉ፣ መሥራቾቿ ስለ እሳቸው በጋዜጣ አንብበው ነው በስማቸው የጠሯት። ዛሬ ከማስካራ ጋር እኅትማማች ከተሞች ናቸው። በፀደይ ዕረፍት ሄጄ የከተማዋን ስም የያዘውን የመንገድ ምልክት ፎቶ አንስቼ ለሽማግሌው ላመጣላቸው ቃል ገብቻለሁ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ መኪና ግን የለኝም። መኪና ያለው፣ ቤንዚን የምንካፈል፣ እናቴ ደግሞ ዳቦና ቆሎ የምትሰጠን፣ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያናግረኝ።